«ካንሰር 65 በመቶው የዕድል ጉዳይ ነው» የሚለውን ነገር እስቲ አንድ ላይ እንመርምረው

ቆጣሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ በየግሩፑ አንድ ምስል ይዞራል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ በቀይ «65 በመቶው ካንሰር መንስኤው መጥፎ ዕድል መሆኑን ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ አለው። ነገሩ የ2015 ጥናት ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ትኩስ ዜና መስሎ ተመልሶ መጣ። የአክስቴ ልጅ ከሥሩ «እንግዲያማ ሲጋራዬን ምን አስተወኝ» ብሎ ጻፈና ግሩፑ በሙሉ ሳቀለት።

እንጀራዬ ስታትስቲክስ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። ጥናቱን የሠሩት አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት የሒሳብ ሰው ክሪስቲያን ቶማሴቲና የካንሰር ጄኔቲክስ አንጋፋው በርት ቮግልስታይን ናቸው፤ የታተመው «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ነው። ጥያቄያቸው የሚገርም ነበር፦ ካንሰር ለምን አንዱን የሰውነት ክፍል ከሌላው በብዙ እጥፍ አብልጦ ያጠቃል? ትልቁ አንጀት ላይ በጣም የተለመደ ነው። ከሱ በብዙ የሚረዝመው ትንሹ አንጀት ላይ ግን ብርቅ ነው። የበላነው ምግብ ደግሞ በሁለቱም ነው የሚያልፈው።

31 ዓይነት ሕብረ ሕዋስ ወሰዱ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም እየተከፈሉ አዳዲስ ሕዋሳት የሚያወጡት፣ በአንድ ሰው ዕድሜ በድምሩ ስንት ጊዜ እንደሚከፈሉ አሰሉ። ያንን በአንዱ ዘንግ፣ በዚያ ቦታ ካንሰር የመያዝን ዕድል በሌላው ዘንግ፣ ሁለቱንም በሎጋሪዝም አድርገው ነጥቦቹን አስቀመጡ። ነጥቦቹ በአንድ መስመር ዙሪያ ተሰለፉ። ኮሪሌሽኑ፣ ማለትም ሁለቱ ነገሮች አብረው የመሄዳቸው ልክ፣ 0.8 ገደማ ሲሆን ካሬው 0.65 ይሆናል። 65 በመቶ የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው፣ ከሌላ ከየትም አይደለም።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው በሰውነት ክፍሎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። «ከመቶ ታማሚ ስንቱ በዕድል ታመመ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ወረቀት ላይ መልስ የለውም። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር እንኳ አልተካተቱበትም፤ የግንድ ሕዋሳቱን አከፋፈል የሚያሳይ አስተማማኝ ቁጥር አላገኙም ነበር።

ዲቪ_ያልደረሰው

በሕይወቴ ዕጣ የሚባል ነገር ወጥቶልኝ አያውቅም። ለዚህ ሲሆን 65 በመቶ ሊደርሰኝ ነው?

ትዕግሥት_ዘጎፋ

ወንድሜ ይቅርታ፣ እኔ ልዩነቱ አልገባኝም። «65 በመቶውን ልዩነት ያብራራል» እና «65 በመቶውን ካንሰር ያመጣል» በምን ይለያሉ? በቁጥር አሳየን እስቲ፣ በወሬ አይሆንም።

ቆጣሪው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህንን አስቢ። ነገ አንድ ክፉ ጭስ ዓለምን ሸፈነና በ31ዱም የሰውነት ክፍሎች ካንሰር የመያዝ ዕድል በዐሥር እጥፍ ጨመረ እንበል። ያኔ ከዐሥር ታማሚ ዘጠኙ ጭሱ ባይኖር አይታመሙም ነበር። አሁን ግራፉን እንደገና ሥሪው። በሎጋሪዝም ሚዛን ዐሥር እጥፍ ማለት እያንዳንዱ ነጥብ እኩል አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። መስመሩ እንዳለ ከፍ ይላል፤ የነጥቦቹ አሰላለፍ ግን አይለወጥም። ኮሪሌሽኑ ያው 0.8፣ ካሬውም ያው 65 በመቶ ነው። ጭሱ 90 በመቶውን ካንሰር እያመጣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ትዕግሥት_ዘጎፋ

ወይ ጉድ! አሁን ገባኝ። ታዲያ ማንም ተው አላላቸውም?

ቆጣሪው

ብለዋል እንጂ። በዚያው በጥር 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልስማማም ብሎ መግለጫ አወጣ፤ ግማሽ ያህሉን ካንሰር መከላከል ይቻላል አለ። በ2016 ከስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች «ኔቸር» ላይ ተመሳሳይ መረጃ በሌላ መንገድ ተንትነው ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ተጋላጭነት ከሕዋስ ክፍፍል ውጭ ከሆኑ ነገሮች ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

እነ ቶማሴቲም ዝም አላሉም። በ2017 ሌላ ጥናት ይዘው መጡ፤ በዚህኛው የቆጠሩት ሚውቴሽኖችን፣ ማለትም ዲኤንኤ ላይ የሚደርሱ ለውጦችን ነው። በካንሰር ውስጥ ካሉት ወሳኝ ሚውቴሽኖች 66 በመቶው ዲኤንኤ ሲገለበጥ በሚፈጠር ስህተት፣ 29 በመቶው ከአካባቢ፣ 5 በመቶው በውርስ ይመጣል አሉ። ይህም ቢሆን «66 በመቶው ካንሰር» ማለት አይደለም። አንድ ካንሰር ለመነሳት ሦስት ሚውቴሽን ያስፈልገዋል እንበል። ሁለቱ በራሳቸው ጊዜ መጡ፣ ሦስተኛውን ሲጋራ አመጣው። ሲጋራው ባይኖር ካንሰሩም አይኖርም። ሚውቴሽን ስትቆጥሪ ሁለት ሦስተኛው ዕድል ነው፤ በሽታውን ስትቆጥሪ ግን ሙሉ በሙሉ ልትከላከይው የምትችይው ነበር። ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህንን አስረድተዋል፣ ማን አንብቦት!

ሲስተር_ጽጌ

እኔ የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ሒሳቡን ለእናንተ ልተውና አንድ ነገር ልበል።

ልጇ የደም ካንሰር የያዘባት እናት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። «ሲስተር፣ አርግዤው ሳለሁ ምን በልቼ ነው?» ነው የምትለኝ። አንዳንዷን የባሏ ዘመዶች ከወዲያ ሆነው «የዘር ነገር ነው፣ በእናቱ በኩል ነው» እያሉ ይወጓታል። እርግማን ነው ብሎ የሚያምንም አለ። ለእንደዚህች እናት «ሕዋስ ሲከፈል የሚመጣ ስህተት ነው፣ አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም» ማለት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እነ ቮግልስታይንም ጥናታቸው ለእንደነዚህ ወላጆች እፎይታ እንዲሆን ፈልገው እንደነበር አንብቤያለሁ።

ግን ከዚያው ክፍል ሁለት አልጋ አለፍ ስትሉ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ያለባት የአርባ ዓመት ሴት ተኝታለች። እዚያ ጋ ስለ ዕድል የሚያወራ ሰው ያናድደኛል። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው በኤችፒቪ ቫይረስ ነው። ክትባት አለው፤ አገራችን በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በመስጠት ጀምራለች። ቅድመ ምርመራም አለው። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው እሱ ነው። በአሜሪካ መረጃ የተሠራ ግራፍ አምጥታችሁ «ዕድል ነው» ስትሉ የኛ እናት ልጇን አታስከትብም።

ቆጣሪው

ሲስተር፣ እጅ ነስቻለሁ። የመጀመሪያው ጥናት የአሜሪካ መረጃ መሆኑን እኔ መጻፍ ነበረብኝ። በ2017ቱ ግን የ69 አገሮችን የካንሰር መዝገቦች አካተዋል።

ዲቪ_ያልደረሰው

የምሬን ልጠይቅ። የሕዋስ ክፍፍል በበዛ ቁጥር ካንሰር ከበዛ፣ ዝሆን እንዴት ተረፈ? ያ ሁሉ ሥጋ!

የባዮ_ተማሪ

ይህ ጥያቄህ ስም አለው፤ በእንግሊዛዊው ስታትስቲሽያን በሪቻርድ ፔቶ ስም ይጠራል፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ። ትልልቅ እንስሳት በግዝፈታቸው ልክ የበለጠ ካንሰር አይዛቸውም። ዝሆንን በተመለከተ በ2015 አንድ መልስ ተገኝቷል፦ ቲፒ53 የሚባለው የተበላሸ ሕዋስን እንዲሞት የሚያዝ ጂን እኛ አንድ ጥንድ ብቻ አለን፣ ዝሆን 20 ያህል ጥንድ አለው። አብዛኞቹ ያልተሟሉ ቅጂዎች ቢሆኑም የዝሆን ሕዋስ ዲኤንኤው ሲጎዳ ቶሎ ራሱን ያጠፋል።

አይጥ ላይ ደግሞ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ይልቅ ብዙ የግንድ ሕዋስ ክፍፍል አለው፤ ዕጢውም ከሰው በተቃራኒ ትንሹ አንጀት ላይ ይበዛል። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው፣ 0.8ቱ አይደለም።

ጋሽ_መለኪያ

ልጆች፣ ፊዚክስ ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ከኛ ቤት የወጣ አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ዕድልን በሒሳብ መያዝ በዚህ መስክ የተጀመረው በ2015 አይደለም።

ጊዜው 1943 ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሳልቫዶር ሉሪያና ጀርመናዊው ማክስ ደልብሩክ ሁለቱም ከአውሮፓ ተሰደው አሜሪካ ገብተዋል። ደልብሩክ ፊዚክስ ተምሮ ወደ ባዮሎጂ የኮበለለ ሰው ነው። ክርክሩ ይህ ነበር፦ ባክቴሪያ ቫይረስ ሲገጥመው ጥቂቶቹ ይተርፋሉ። የተረፉት ቫይረሱን ሲያገኙ ተለማምደው ነው ወይስ ቀድሞውኑ የሚቋቋሙ ሆነው ተወልደው?

ሉሪያ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ጭፈራ ላይ አንድ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ቆሞ ያያል። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰጥም፤ አንዳንዴ ብቻ ሳንቲም ያጎርፋል። ሉሪያ እዚያው ነገሩ በራለት። ባክቴሪያውን በአንድ ትልቅ ዕቃ ከማሳደግ ይልቅ በብዙ ትንንሽ ቱቦዎች ለየብቻ አሳድጎ፣ እያንዳንዱን ቫይረስ ያለበት ሳህን ላይ አፍስሶ፣ የተረፉትን መቁጠር ነው።

ሒሳቡን አስተውሉ። መቋቋሙ የሚመጣው ከቫይረሱ ጋር ሲገናኙ ከሆነ በየሳህኑ የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ ይሆናል፤ ብርቅ አጋጣሚዎች ሲቆጠሩ የሚመጣው የፖይሰን ሥርጭት ስለሆነ ቫሪያንሱ (የቁጥሮቹ መበታተን ልክ) ከአማካዩ ጋር እኩል ነው። ቀድሞ በአጋጣሚ የሚፈጠር ከሆነ ግን ለውጡ ገና ከጅምሩ የደረሰበት ቱቦ ልጅ የልጅ ልጅ አፍርቶ በተቋቋሚ ይሞላል፤ ዘግይቶ የደረሰበት ጥቂት ይኖረዋል፤ ብዙው ባዶ ይሆናል። ቫሪያንሱ ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል። ያገኙት ሁለተኛውን ነው። አንድም ጂን በዓይናቸው ሳያዩ፣ የዲኤንኤ ቅርጽ ገና ሳይታወቅ፣ ሳህን ቆጥረው ብቻ። በ1969 ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ካንሰር ላይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መድኃኒት የማይበግረው ሕዋስ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት እዚያው ዕጢ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ትዕግሥት_ዘጎፋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ብለው ያስተማሩኝ ቢሆን ፊዚክስ አልጥልም ነበር።

የገበሬ_ልጅ

ጋሼ ያሉትን እኛ የሰብል ጥበቃ ሰዎች በየቀኑ እናየዋለን። በስምጥ ሸለቆ ጎመን የሚያመርት ገበሬ ከዚያች ቅጠሉን ወንፊት ከምታደርገው የእሳት ራት ትል ጋር ያለውን ጦርነት ጠይቁት። የሚያውቀውን መርዝ ሁሉ ይረጫል፤ ለጊዜው ይጠራለታል፣ ከዚያ የማይሞተው ትል ብቻውን ማሳውን ይወርሰዋል። ይህች ነፍሳት በ1953 ጃቫ ላይ ዲዲቲን መቋቋሟ ከተመዘገበ ወዲህ ያልለመደችው መርዝ የለም ማለት ይቻላል።

አሜሪካ ፍሎሪዳ በሞፊት የካንሰር ማዕከል ሮበርት ጌትንቢ የሚባል ራዲዮሎጂስት ይህንኑ የኛን ትል እየጠቀሰ ሐኪሞችን ሲሞግት አንብቤ ደስ አለኝ። ሁሉንም ልግደል ካልክ የማይሞተውን ብቻ ታስቀራለህ ነው የሚለው።

የአጎቱ_ልጅ

ስለዚህ ነገር ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ። አጎቴ ፕሮስቴት አለበት፣ ተሰራጭቷል፣ መድኃኒት ላይ ነው።

የባዮ_ተማሪ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርልህ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዕጢው ውስጥ መድኃኒቱ የሚገድላቸውና የማይገድላቸው ሕዋሳት ለምግብና ለቦታ ይሻማሉ። መድኃኒቱ በሌለበት ጊዜ የሚሞቱት ጠንካራ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ የማይሞቱትን ይደፈጥጧቸዋል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በሙሉ መጠን መስጠት ተፎካካሪዎቹን ጠራርጎ ለማይሞቱት ሜዳውን ይለቅላቸዋል። ጌትንቢና ባልደረቦቹ ይህንን ሎትካና ቮልቴራ በ1920ዎቹ ለእንስሳት ብዛት በሠሯቸው እኩልታዎች ሞዴል አደረጉት። አቢራቴሮን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ላይ፣ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚወጣ፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) በግማሽ ሲወርድ መድኃኒቱን አቆሙ፤ ወደ ነበረበት ሲመለስ እንደገና ጀመሩ።

በ2017 በወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት 11 ሰዎች ነበሩ፤ በአማካይ የተጠቀሙት ከመደበኛው መጠን ግማሽ ያነሰ ነው። በ2022 በወጣው፣ በዚህ መንገድ የታከሙት 17 ሰዎች በሽታው እስኪገሠግሥ መካከለኛው ጊዜ 33.5 ወር ሲሆን፣ በመደበኛው መንገድ የታከሙት 16ቱ 14.3 ወር ነበር።

ቆጣሪው

እዚህ ላይ ፍሬን ልያዝ። 17 እና 16 ሰው ነው። በዕጣ አልተመደቡም፤ ማለትም ወደየትኛው ቡድን መግባታቸውን ሌላ ነገር ወስኖት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልዩነት ተስፋ ይሰጣል፣ አያረጋግጥም። በዕጣ የሚመደብ ሙከራ ተጀምሯል፤ የእሱ ውጤት ነው የሚፈርደው።

ሲስተር_ጽጌ

የአጎቱ ልጅ፣ ስማኝ ወንድሜ። ይህን አንብበህ አጎትህን «መድኃኒቱን አቁም» እንዳትላቸው! ያ ሙከራ በየወሩ ደም እየተለካ፣ ሐኪም ቁጥሩን እያየ የሚደረግ ነው። ቤት ተቀምጦ መድኃኒት መዝለል ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ አጥተው ያቋረጡ፣ ጸበል ልሂድ ብለው ያቋረጡ ስንት አየሁ መሰለህ። ጸበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም ይወሰድ። ጥያቄ ካለህ ወረቀቱን ይዘህ የካንሰር ሐኪማቸው ዘንድ ግባ።

የአጎቱ_ልጅ

እሺ ሲስተር፣ አልነካም። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ለቲቢ መድኃኒት «አንድ ቀን ከዘለልክ በሽታው ይለምደዋል፣ ጨርስ» ትሉናላችሁ። እዚህ ደግሞ ማቆም ጥሩ ነው ይባላል። የትኛውን እንመን?

የባዮ_ተማሪ

ሁለቱንም፣ ምክንያቱም ግባቸው ለየቅል ነው። ቲቢን ማጥፋት ይቻላል፤ ለዚያም ነው አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚጀመረው። አንድ ባክቴሪያ በአጋጣሚ አራቱንም መቋቋም መቻሉ እጅግ የማይመስል ነገር ነው፤ እነ ሉሪያ የከፈቱት ስሌት ይኸው ነው። የተሰራጨ ፕሮስቴት ላይ ያሉት ሕዋሳት ግን ከቢሊዮን በላይ ናቸው፣ የሚቋቋመው አስቀድሞ አለ፣ ሁሉንም የሚያጠፋ መድኃኒት በእጅ የለም። ስለዚህ ጨዋታው ጊዜ መግዛት ይሆናል። ሊድን በሚችል ካንሰር ላይ ይህንን ዘዴ ማንም አይመክርም።

ነገር_ፈላጊ

ይህ ሁሉ ሞዴልና እኩልታ ለፈረንጅ ሆስፒታል ነው። ለኛ አገር ታማሚ ሒሳብ ምን ሲያደርግለት?

ጋሽ_መለኪያ

እንዴት አታውቅም ልጄ! ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ኮባልት 60 በሚባል ጨረር አመንጪ ብረት በሚሠራ ማሽን። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሕመምተኛው የሚያስፈልገው የጨረር መጠን ግን አይቀንስም። ምንጩ አዲስ ሳለ ሁለት ደቂቃ የሚተኛ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ አራት ደቂቃ መተኛት አለበት። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው በየወሩ 1.1 በመቶ ገደማ እያሰበ ሰዓቱን ያስተካክላል። ይህ ካልተደረገ ታማሚው ያነሰ ጨረር እየወሰደ ታከምኩ ብሎ ይሄዳል። ወረፋው ደግሞ ከምንጩ ጋር አብሮ ይረዝማል፦ ያው ማሽን፣ ያው ቀን፣ ግማሽ ሰው። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሲስተር_ጽጌ

ያንን ወረፋ እኔን ጠይቁኝ።

የባዮ_ተማሪ

ነገር ፈላጊ፣ ሌላም ልጨምርልህ። በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን የሚባል ሐኪም 48 የሬቲኖብላስቶማ፣ ማለትም የሕፃናት የዓይን ካንሰር፣ ታማሚዎችን መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። በሁለቱም ዓይን የታመሙት ቀድመው ይታመማሉ፤ በአንድ ዓይን ብቻ የታመሙት ዘግይተው። ገና ያልታወቀባቸውን ልጆች ድርሻ ከዕድሜ ጋር በሎጋሪዝም ሲያስቀምጠው የመጀመሪያዎቹ ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ፣ የሁለተኞቹ ጎበጠ። ቀጥ ያለው አንድ አጋጣሚ ብቻ ሲቀር፣ የጎበጠው ሁለት ሲያስፈልግ የሚመጣ ቅርጽ ነው። ስለዚህ አንደኞቹ የመጀመሪያውን ጉዳት ይዘው ተወልደዋል አለ። የሚጎዳው ጂን ራሱ በላቦራቶሪ የተያዘው በ1986 ነው።

ሲስተር_ጽጌ

ስለዚህ ካንሰር ካነሳችሁ ወላጆች ይህን ያንብቡልኝ። ልጃችሁን በፍላሽ ፎቶ ስታነሱ አንዱ የዓይን ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ሆኖ ቢበራ፣ «ፎቶው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ግን ቶሎ ከተደረሰበት ሕፃኑ ይድናል፣ ዓይኑም ሊተርፍ ይችላል። የሚመጡልን ብዙዎቹ ዓይኑ ካበጠ በኋላ ነው።

ትዕግሥት_ዘጎፋ

ሴት ልጄን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አሁኑኑ እያየሁ ነው። ደህና ናት፣ ተመስገን።

ቆጣሪው፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሚውቴሽኑ በአጋጣሚ የሚመጣ ከሆነ ካንሰር ለምን በሽማግሌ ላይ እንዲህ ይበዛል? በእኩል መጠን አይጨምርም ነበር?

ቆጣሪው

አንድ አጋጣሚ ብቻ ቢበቃ ትክክል ነበርሽ፤ በየዕድሜው ያለው ዕድል እኩል ይሆን ነበር። ብዙ አጋጣሚዎች በአንድ ሕዋስ ላይ መደራረብ ካለባቸው ግን ሌላ ነው። በ1954 ፒተር አርሚቴጅና ሪቻርድ ዶል የእንግሊዝን የሞት መዝገብ አይተው በብዙ ካንሰሮች ሞቱ በዕድሜ ስድስተኛ ርቢ ልክ እንደሚጨምር ጻፉ። ዕድሜ በእጥፍ ሲያድግ፣ ከ30 ወደ 60፣ ሞቱ 64 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ተነስተው ሰባት ደረጃዎች ያስፈልጋሉ አሉ። ዶል ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን በቁጥር ካያያዙት ሰዎች አንዱ ነው፤ ለአክስቴ ልጅ ንገሩልኝ።

የባዮ_ተማሪ

ግን እኮ ዛሬ የዕጢ ጂኖም ሲነበብ ሰባት የማይደርሱባቸው ካንሰሮች አሉ።

ቆጣሪው

አዎ፣ እነሱም ቀድመው ጠርጥረዋል። በ1957 ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ሞዴል አወጡ፦ መጀመሪያ የተለወጠው ሕዋስ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ይባዛል፤ በበዛ ቁጥር ሁለተኛው ለውጥ የሚያርፍበት ሕዋስ ይበዛል። ይህም ከመዝገቡ ጋር በደንብ ይገጥማል። ሰባት ይሁን ሁለት፣ ከሞት መዝገቡ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ለዚያ ዕጢውን ራሱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።